የፍሪድሪሽ ዛፍ ዛፍ ብቻ ነው? ስለ ሮማንቲክ ዘመን የመልክዓ ምድር ሥዕሎች

ጉም_ጨባጭ፦
ሰላም ቤተሰብ። ያቺን ሥዕል የማያውቅ የለም። ጥቁር አረንጓዴ ኮት የለበሰ ሰው ምርኩዙን ይዞ ዓለት ጫፍ ላይ ቆሟል። ጀርባውን ሰጥቶናል። ከእግሩ ሥር ጭጋግ ነው። የሮማንቲክ ዘመን (ስሜትና ተፈጥሮ የገነኑበት፣ ከ1700ዎቹ መጨረሻ እስከ 1800ዎቹ አጋማሽ) ጀርመናዊ ሠዓሊ ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪሽ በ1818 አካባቢ ነው የሣላት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዛሬ ግማሹ የቴሌግራም ቻናል ፕሮፋይሉ አድርጓታል። ከሥሯም «ህልምህን ተከተል» ምናምን ይጻፍባታል።

ስለ ሰውዬው ሳነብ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ብዙ ቦታ ላይ ዝርዝር አለ። ጥድ ከሆነ ተስፋ፣ የደረቀ የኦክ ዛፍ ከሆነ የጥንት አረማዊነት፣ ጨረቃ ከሆነች ክርስቶስ፣ መርከብ ከሆነ የሰው ዕድሜ። የህልም መፍቻ መጽሐፍ ነው የሚመስለው። ሠዓሊው ራሱ ነው እንዲህ ያለው ወይስ በኋላ የመጡ ምሁራን የለጠፉበት? ዛፉ ዝም ብሎ ዛፍ ቢሆንስ?

ቀጸላ፦
ልጄ፣ የተለጠፈበት አይደለም። ሰውዬው በገዛ እጁ የጻፈው አለ። «መስቀል በተራራ ላይ» የምትባለውን ሥዕል ፈልገህ ተመልከት። በ1808 ነው የጨረሳት። የተራራ ጫፍ፣ ዓለት፣ ጥዶች፣ ከላይ ቀጭን የስቅለት ምስል፣ ከኋላ የምትጠልቅ ፀሐይ። የሚያለቅስ የለ፣ የሚጸልይ የለ፣ ሰው የሚባል የለም። ፍሬሟ ላይ ግን የመላእክት ራሶች፣ የስንዴ ዛላና የወይን ዘለላ ተቀርጾባታል። ስንዴና ወይኑ ምን እንደሆነ ለኛ አገር ሰው ማስረዳት አይጠይቅም።

በዚያው የገና ሰሞን ስቱዲዮውን አጨልሞ፣ ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ጨርቅ አንጥፎ፣ እንደ መሠዊያ አድርጎ ለሰው አሳያት። በ1809 መጀመሪያ ራምዶር የሚባል ሐያሲ ተነሣና የመልክዓ ምድር ሥዕል ሾልኮ ቤተ ክርስቲያን ሊገባ፣ ይባስ ብሎ መሠዊያ ላይ ሊወጣ ነው ብሎ ጮኸ። ፍሪድሪሽ ያኔ ብዙ ጊዜ የማያደርገውን አደረገ። ትርጉሙን ጽፎ አስረዳ። ዓለቱ በክርስቶስ ላይ ያለን የማይነቃነቅ እምነት ነው አለ። ክረምት ከበጋ ለምለም የሆኑት ጥዶች ሰው በተሰቀለው ላይ ያለው ተስፋ ናቸው አለ። የምትጠልቀው ፀሐይ እግዚአብሔር አብ በቀጥታ በምድር የተመላለሰበት የቀድሞው ዘመን ናት፤ ብርሃኗ አሁን የሚደርሰን በመስቀሉ ብረት ላይ አንጸባርቆ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

የዶሮማነቂያ_ልጅ፦
ታዲያ መጨረሻዋ ምን ሆነ? መሠዊያው ላይ ወጣች?

ከኤልባ_ማዶ፦
አልወጣችም። ቱን-ሆሄንሽታይን የሚባሉ መኳንንት ገዝተዋት ቴቼን ባለው ግንባቸው (ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ነው) መኝታ ክፍል ነው የተሰቀለችው። ራምዶር በከንቱ ነው የጮኸው። አሁን እኔ ያለሁበት ድሬስደን፣ አልበርቲኑም ሙዚየም ውስጥ ናት።

ጋሼ ቀጸላ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ግን ያ ጽሑፍ ለአንዲት ሥዕል፣ ያውም ለከሳሽ የተሰጠ መልስ ነው። ከዚያ ተነሥቶ «ፍሪድሪሽ የሣለው ጥድ ሁሉ ተስፋ ነው» ማለት ሌላ እርምጃ ነው። ያንን እርምጃ አጥብቆ የሄደበት ሄልሙት ቦርሽ-ሱፓን የተባለ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ነው። በ1973 ከባልደረባው ጋር የፍሪድሪሽን ሥራዎች ሙሉ ካታሎግ አወጣ። ሥራው ትልቅ ነው፤ ዛሬም ያለ እሱ መንቀሳቀስ አይቻልም። ግን ለሥዕሎቹ ሃይማኖታዊ ፍቺ ያበጅላቸዋል። ጉም_ጨባጭ ያየኸው ዝርዝር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው በአብዛኛው ከዚያ ነው። ሌሎች ምሁራን ወዲያው ነው የተከራከሩት። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። ዝርዝሩ ስህተት ስለሆነ አይደለም። ዝርዝሩን ይዘህ ሥዕሉ ፊት ስትቆም ማየት ስለምታቆም ነው። ጥድ፣ ተስፋ፣ ጨርሻለሁ፣ ወደ ቀጣዩ።

ሸራ_ወጣሪ፦
እኔ ሠዓሊ ነኝና ከእጁ በኩል ልግባ።

በዚያ ዘመን መልክዓ ምድር ለመሣል የታወቀ ወግ ነበር። በአንድ ጎን ትልቅ ዛፍ ታቆማለህ፣ እንደ መጋረጃ። ከፊት መንገድ ወይ ወንዝ ታስገባለህ፣ ዓይን እየተመራ ወደ መሐል ይሄዳል። መሐሉ ላይ ድልድይ፣ ከብት፣ ፍርስራሽ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ሰማያዊው ርቀት ይደርሳል። የፈረንሳዩ ሠዓሊ ክሎድ ሎራን ከዚያ 150 ዓመት ቀድሞ ያስተማረው ነው። ራምዶርን ያበሳጨው አንዱ ነገርም ይኼ ነው። ሃይማኖቱ ብቻ አይደለም፤ የርቀቱ ደንብ ፈርሶበታል። ተራራው ፊቱ ላይ ተገተረበት።

አሁን የጭጋጉን ሰውዬ እንደገና እዩት። ከፊት ዓለቱ አለ፣ ጥርት ብሎ፣ ስንጥቁ ሳይቀር ይቆጠራል። ከዚያ ርቀት። መሐሉስ? መሐሉን ጭጋጉ በልቶታል። ሰውዬው ከቆመበት ወደዚያኛው ተራራ የሚወስድ መንገድ የለም። መውረጃ እንኳ የለም። ጭጋግ «እርግጠኛ አለመሆን» ማለት ነው ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ዓይናችን ቀድሞ ያውቀዋል። ሊሄድ ይሞክራል፣ የሚረግጠው ያጣል። ምልክቱ የሚሠራው እንዲህ ነው።

ሌላ ነገር። ቦታው የለም። ዓለቱ ካይዘርክሮኔ ከተባለ የሳክሰን ተራሮች ጫፍ በ1813 በእርሳስ የነደፈው ነው። ከኋላ ያሉት ከሌላ ሌላ ቦታ የተለቀሙ ናቸው። ፍሪድሪሽ ውጭ እየዞረ በእርሳስ ይነድፋል፣ ቀኑን ይጽፍበታል፣ ቤቱ ገብቶ ዓመታት ቆይቶ ይገጣጥመዋል። አንዱን የኦክ ንድፍ በተለያዩ ሥዕሎች ላይ ያገኙታል። ቀለሙን ደግሞ ስስ አድርጎ፣ ንብርብር በንብርብር ነው የሚያስኬደው። የብሩሽ ዱካ ፈልጉ፣ አታገኙም። ጓደኛው ከርስቲንግ በ1811 ስቱዲዮው ውስጥ ተቀምጦ ሲሠራ ሥሎታል። ክፍሉ ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ ጥቂት የሥራ ዕቃ፣ የመስኮቱ የታችኛው ግማሽ ተዘግቷል። ውጭውን እያየ አይደለም የሚሥለው ማለት ነው።

ጉም_ጨባጭ፦
እሺ ይኼ በጣም ገባኝ። ቦታው የሌለ ቦታ ከሆነ ታዲያ እያንዳንዱ ነገር አስቦበት የገባ ነው። ይህ ራሱ የጋሼ ቀጸላን ነገር አያጠናክርም?

ቀጸላ፦
ተባረክ! እኔም ልለው ነበር። መርጦ ካስገባው ለምክንያት ነው ያስገባው። በነገራችን ላይ እኛ በዚህ ልንደናገር አይገባም። ሰምና ወርቅ ያለው ሕዝብ ነን።

ከኤልባ_ማዶ፦
ጋሼ፣ ሰምና ወርቅን እዚህ ባናስገባው ደስ ይለኛል። ባለቅኔው ወርቁን ያውቀዋል፤ የሰማ ሰው ሲያገኘው «አሃ!» ይላል፣ ነገሩ ይዘጋል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንም እንደዚያው የተቆረጠ ደንብ አለው። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው በአንድ ዓይን በጎን ይሣላል። ማንም አይከራከርበትም። ፍሪድሪሽ ዘንድ ግን ወርቁን አወጣሁት ስትል ሌላ ይቀራል።

ማስረጃዬ «መነኩሴው በባሕር ዳር» ናት። ከ1808 እስከ 1810 የደከመባት ሥዕል። ስፋቷ 171 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ቁመቷ 110። ከታች ነጣ ያለ አሸዋ። ከዚያ ጥቁር ባሕር፣ ቀጭን ሰንበር። የቀረው ሰማይ ነው፣ አብዛኛው ሸራ። አንድ ሰው፣ አውራ ጣት የምታህል። አለቀ። ባለሙያዎች ከቀለሙ ሥር በመሣሪያ ሲመለከቱ ምን አገኙ? መርከቦች። ግራና ቀኝ አድማሱ ላይ መርከቦች ጀምሮ ነበር። አጠፋቸው።

ጋሼ፣ መርከብ የሰው ዕድሜ ምልክት ነው ካልን፣ ምልክቱን ለምን ያጠፋል? በዝርዝሩ መሠረት ከሆነ ሥዕሏ ድሃ ሆነች። ሥዕሏን ፊት ለፊት ያየ ሰው ግን የሆነውን ያውቃል። መርከብ ቢኖር ዓይን እሱ ላይ ያርፋል። ሄደ፣ መጣ፣ ይላል። አሁን ማረፊያ የለም። በ1810 በርሊን ላይ ስትታይ ደራሲው ክላይስት የዓይን ቆብ የተቆረጠበት ሰው ዓይነት ስሜት ነው ያለው። መጨፈን አይቻልም።

የዶሮማነቂያ_ልጅ፦
የዓይን ቆብ የተቆረጠበት 😳 በምሳ ሰዓት እንዲህ ዓይነት ነገር አይለጠፍም ወንድሜ። ገዢ አገኘች ግን?

ከኤልባ_ማዶ፦
የፕሩሲያው (በርሊን መናገሻዋ የነበረው የጀርመን መንግሥት) ንጉሥ ገዛት። ልጁ፣ አልጋ ወራሹ፣ ወትውቶት ነው። እሷንና ጥንዷን «ገዳም በኦክ ጫካ» የምትባለውን አንድ ላይ። ሁለቱም ዛሬ በርሊን፣ አልቴ ናሲዮናልጋለሪ ሙዚየም አሉ። ያኔ የ15 ዓመት ጎረምሳ ነበር አልጋ ወራሹ። ዓይን ነበረው።

ቀጸላ፦
ጥንዷን ስለጠቀስካት ደግ አደረግህ። እሷስ? የኤልዴና ገዳም ፍርስራሽ ነው፣ ሠዓሊው በተወለደበት በግራይፍስቫልድ አጠገብ ያለ። መነኮሳት ሬሳ ተሸክመው በፈረሰው በር ሥር ያልፋሉ። በሩ ላይ መስቀል አለ። ዙሪያው የደረቁ ኦኮች ናቸው። ታችኛው ግማሽ ጨለማ፣ ላይኛው ብርሃን። ይኼ ሞትና ትንሣኤ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እናቱ በ7 ዓመቱ ሞታበታለች። በ13 ዓመቱ ወንድሙ በረዶ ተሰብሮበት ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ሰው ጨለማና ብርሃን በጨዋታ አይቀባም።

ሐመልማል፦
ሃምቡርግ ነው የምኖረው። ስለ በረዶ ካነሳችሁ እኔ አንድ አለኝ።

«የበረዶ ባሕር» እዚህ ኩንስትሃለ ሙዚየም ውስጥ ናት፤ የጭጋጉ ሰውዬም እዚሁ ነው። ከ1823 እስከ 1824 የሣላት። የተሰባበረ በረዶ፣ እንደ ድንጋይ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተቆልሎ ወደ ሰማይ ሾሏል። ትንሽ ቆይታችሁ ነው በስተቀኝ የመርከቡን ጭራ የምታዩት። ግማሹ ተውጧል። ቀለሙን በፎቶ አትመኑት። ከፊት ያሉት ንጣፎች ነጭ አይደሉም፤ ቡናማ፣ ቢጫ፣ አፈር የነካቸው ናቸው። የወንዝ በረዶ ስለሆነ ነው። በ1820 እና 1821 መካከል ባለው ክረምት ኤልባ ወንዝ ላይ ተሰባብሮ ሲንሳፈፍ እየነደፈው ነበር። የሰሜን ዋልታን አይቶ አያውቅም። የድሬስደንን በረዶ ነው አግዝፎ ዋልታ ያደረገው።

ዋናው ነገሬ ግን ይኼ ነው። ይህች ሥዕል ለብዙ ጊዜ «የተሰበረ ተስፋ» ትባል ነበር። መርከቡ ስሙ «ተስፋ» ነው፣ የተሰበረው ተስፋ ነው፣ እያሉ ስንት ተጻፈባት። ስሙ ግን የእሷ አይደለም። በመርከብ መሰበር ላይ የሣላት ሌላ ሥዕል ነበረች፣ ዛሬ የጠፋች፤ ስሟ ወደዚህች ዞሮ ነው። እና ያ ሁሉ ትንታኔ በሰው ስም ላይ ተሠራ። ፍቺ ፈላጊ ሰው ስም ካገኘ ሥዕሉን አያይም።

ሳትሸጥ ነው የቀረችው፣ ምስኪን። በ1840 ሲሞት እቤቱ ነበረች። በኋላ ጓደኛው ኖርዌያዊው ሠዓሊ ዳል ገዛት።

ታሪክ_ወዳድ፦
ሁላችሁም ስለ ነፍስና ስለ ሞት ታወራላችሁ። ፖለቲካውን ማን ይናገረው?

«ሁለት ሰዎች ጨረቃን ሲያዩ» የምትለውን ተመልከቱ፣ 1819 ወይ 1820። ድሬስደን ናት። ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል፣ ከጎናቸው ሥሩ ተነቅሎ ያዘነበለ ኦክ። ሰፊ ካባና ቆብ የለበሱት «የጥንት ጀርመን ልብስ» የሚባለው ነው። ናፖሊዮንን ሲዋጉ የነበሩ ወጣቶችና ተማሪዎች የሚለብሱት። ናፖሊዮን ወደቀ፤ ነገሥታቱ ግን ቃል የተገባውን ነፃነት አልሰጡም። በ1819 የካርልስባድ ድንጋጌ መጣ። ሳንሱር፣ ክትትል፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰላይ። ያ ልብስ መለበሱ ራሱ ያስጠረጥር ጀመር። ፍሪድሪሽ ግን በሥዕል ላይ ማልበሱን አልተወም። ስለዚህች ሥዕል ሲጠየቅም መንግሥት በወጣቶቹ ላይ የሚለጥፈውን ክስ እየደገመ «ሕዝብ የማነሣሣት ሴራ ላይ ናቸው» ብሎ አላገጠ ይባላል። አሽሙር ያውቅበታል ሰውዬው።

ስለዚህ ያ ኦክ አረማዊነት ነው? ወይስ አሮጌው ሥርዓት? ወይስ የጀርመን ሕዝብ? ኦክ በዚያን ጊዜ ለጀርመን አርበኛ የአገር ዛፍ ነበር። አንድ ዛፍ፣ ሦስት ፍቺ፣ ሦስቱም በዘመኑ ሰው አእምሮ ውስጥ ነበሩ። ከ100 ዓመት በኋላ ናዚዎች መጥተው «የኛ ሰው ነው» ያሉትም በዚህ ቀዳዳ ገብተው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ፍሪድሪሽን ከዚያ ስም ለማላቀቅ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ክፍት ምልክት አደጋም አለው። ይህን የምለው ለከኤልባ_ማዶ ነው።

ከኤልባ_ማዶ፦
ልክ ነህ፣ አልከራከርህም። ክፍት ቤት ሌባም ይገባበታል።

የዶሮማነቂያ_ልጅ፦
ቆይ እኔም ያነበብኩት አለ። ያ የሚነድ ሰማይ ሁሉ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው ይባላል። ኢንዶኔዢያ ውስጥ ታምቦራ በ1815 ፈነዳ፣ አመዱ ሰማይ ላይ ወጣ፣ በ1816 አውሮፓ በጋ ሳታይ ቀረች፣ ጀምበር ስትጠልቅ ሰማዩ እሳት ሆነ። ሠዓሊዎቹ ያዩትን ነው የሣሉት። ምልክት ምናምን የለም። 😎

ሸራ_ወጣሪ፦
ታምቦራው እውነት ነው፣ 1816ም እውነት ነው። ግን የመስቀሏ ሥዕል የ1808 ናት። ሰማይዋን አየሃት? አመዱ ገና ከተራራው ሆድ አልወጣም።

ደግሞ ፍሪድሪሽ ያየውን ብቻ የሚሥል ሰው አልነበረም። በዚያው በ1816 ታላቁ ጀርመናዊ ደራሲ ጎተ አንድ ነገር ጠይቆት ነበር። እንግሊዛዊው ሉክ ሃዋርድ ደመናን በዓይነት በዓይነቱ ከፋፍሎ ስም ሰጥቶት ነበር፤ ዛሬም የምንጠቀምበት ነው። ጎተ በዚያ ተማርኮ ለፍሪድሪሽ «እነዚህን ደመናዎች ሣልልኝ» አለው። ጎተ ነው እንግዲህ፣ ጎተን እምቢ የሚል የለም። ፍሪድሪሽ እምቢ አለ። ደመናን በሳጥን በሳጥን ማስገባት የመልክዓ ምድር ሥዕልን መሠረት የሚያናጋ ሆኖ ታየው።

በእንግሊዝ በኩል ደግሞ ጆን ኮንስታብል በ1821 እና በ1822 ሃምስቴድ ኮረብታ ላይ ወጥቶ በዘይት ቀለም ደመና ብቻ ይሥል ነበር። ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ተጽፎባቸዋል። ሁለቱም የሮማንቲክ ዘመን ሰዎች ናቸው። ለአንዱ ሰማይ የአየር ጠባይ ነው፣ ከዚያ ውስጥ ስሜት ይወጣል። ለሌላው ስሜቱ ይቀድማል፣ የአየር ጠባዩ ይከተላል። ፍሪድሪሽ ሠዓሊ በውስጡ የሚያየው ከሌለ ፊቱ ያለውንም ባይሥል ይሻላል ብሎ የጻፈው ወዶ አይደለም። እኔ በሙያዬ ለኮንስታብል ነው የማደላው፣ እውነቱን ለመናገር። ደመናው ይነፍሳል። የፍሪድሪሽ ደመና ቆሟል።

ጉም_ጨባጭ፦
ጋሼ ቀጸላ ዝም አሉ። ተሸነፉ እንዴ?

ቀጸላ፦
ጸሎት ላይ ነበርኩ። መሸነፍ የለም።

አንድ ሥዕል ብቻ ላቅርብና ከኤልባ_ማዶ ይመልስልኝ። «የሕይወት ደረጃዎች» ትባላለች፣ 1835 አካባቢ፣ ላይፕዚግ ናት። የባሕር ዳር፣ አመሻሽ። አምስት ሰዎች አሉ፦ ሽማግሌ፣ ጎልማሳ፣ ወጣት ሴት፣ ሁለት ሕፃናት። ባሕሩ ላይ አምስት መርከቦች። ትልቁ መርከብ ወደ ዳር እየቀረበ ሸራውን እየሰበሰበ ነው። ትንንሾቹ ለዳሩ ቅርብ ናቸው፣ ሌሎቹ ሩቅ አድማስ ላይ። አምስትና አምስት። መቁጠር ለሚችል ሰው መርከብ ዕድሜ ነው። እዚህስ ምን ትላለህ?

ከኤልባ_ማዶ፦
እዚህ እቆጥራለሁ ጋሼ። አምስትና አምስት መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል፣ የሠዓሊውም ሐሳብ ይመስለኛል። በ1835 ሰኔ ስትሮክ መቶት ከዚያ በኋላ ዘይት ቀለም እምብዛም አልሠራም። ሽማግሌው ራሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ጀርባውን ለኛ ሰጥቶ ወደ መርከቦቹ እየሄደ ነው።

ግን የሕፃናቱን እጅ ይዩልኝ። ከፍ አድርገው የያዙት ትንሽ ባንዲራ የስዊድን ነው። ሠዓሊው በ1774 ሲወለድ ግራይፍስቫልድ በስዊድን ዘውድ ሥር ነበረች። በ1815 ለፕሩሲያ ተሰጠች። ሥዕሉ ሲሠራ ስዊድን ከዚያ ከወጣች 20 ዓመት ሆኗታል። ልጁን ጉስታቭ አዶልፍ ብሎ የሰየመውም በስዊድን ንጉሥ ስም ነው። እና ሕፃናቱ ለምን ከዚያ የወጣ አገር ባንዲራ ያውለበልባሉ? ናፍቆት ነው? ቀልድ ነው? የፕሩሲያን ሳንሱር መንካት ነው? በመርከቦቹ ቁጥር አይፈታም።

ቀጸላ፦
ባንዲራውንም እኔ እፈታልሃለሁ። ሁለቱ ሕፃናት የሚሻሙት በሽማግሌው የልጅነት አገር ባንዲራ ነው። የሚሄደው እሱ፣ የሚቀሩት እነሱ።

ሐመልማል፦
ጋሼ ይኼኛው ግን ደስ ይላል። ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ራስዎ አይተው ነው ያገኙት።

ታሪክ_ወዳድ፦
እንግሊዛዊውን ሠዓሊ ተርነርን አላነሳችሁም ብሎ 30 ሰው ሳይወጣብን በፊት፦ «የባሪያ መርከብ» (1840) ላይ ሌላ ክር ከፍቻለሁ። እዚያ ባሕሩ ምልክት ነው ወይስ ወንጀል የተፈጸመበት ቦታ የሚለው ነው ጥያቄዬ። ጋሼ ቀጸላ፣ እርስዎን እጠብቃለሁ።